ስለ እኔ የተደወሉ አራት ስልኮች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቢሮ ገብተን ሦስታችንም ተፋጠጥን። ሀይሉ ስልኩን ይነካካል፣ ኤደን ጥፍሯን ትሞርዳለች፣ እኔ ሠላሳ ፐርሰንት በቀረው ባትሪ የፋርማሲውን ፕሮግራም እጠግናለሁ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለው ፎቅ፣ ሁለተኛ ደርብ፣ ሦስት ጠረጴዛ… ወልድያ ላይ "ሶፍትዌር ድርጅት" ማለት ይኼ ነው። ባለቤቱ ሀይሉ፣ ሠራተኞቹ እኔና ኤደን። ለፋርማሲ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለእህል ነጋዴ ፕሮግራም እንሠራለን። ሲቸግር ፕሪንተርም እንጠግናለን።

ከሰዓት መብራት ሲመጣ አንድ ኢሜይል ገብቶ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ። የጻፈችው ሴት ከዚያ ከትልቁ ካምፓኒ ነኝ ትላለች፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ከያዘው። "ሥራህን አይተናል፣ ልናናግርህ እንፈልጋለን።" ሌባ ናት። ቀጥላ የባንክ ቁጥር ትጠይቀኛለች። አጠፋሁት።

ቆይቼ ካጠፋሁበት መልሼ አወጣሁት። ለማንኛውም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ኢሜይሉ የመጣበትን አድራሻ መረመርኩ። እውነተኛ ነው። የሴትዮዋን ስም ፈለግኩ፤ ናይሮቢ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ፎቶዋም አለ። ፎቶ ግን ማንም ይለጥፋል።

ለምን እኔን? አምና ኢንተርኔት ላይ በነፃ የለቀቅኳትን ትንሽ ፕሮግራም አይታ ነው አሉ። መብራት ድንገት ሲጠፋ የተጻፈው መረጃ እንዳይበላሽ የምታደርገዋን። ለፋርማሲው ብዬ ነበር የጻፍኳት፤ መብራት በሄደ ቁጥር የመድኃኒት ዝርዝራቸው እየተዘባረቀ ሲጨቀጭቁኝ። አሁን በብዙ አገር ይጠቀሙባታል ትላለች። እኔ የት አውቄ። ወይስ እያሞካሸች ልትይዘኝ ነው?

መለስኩላት። ሁለት መስመር ብቻ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

በስልክ አወራን። ሃያ ደቂቃ። ቤቴ ገብቼ፣ በር ቆልፌ። አከራዬ እትዬ ሙሉወርቅ ግቢው ውስጥ በርበሬ እያሰጡ ነበር፤ በመስኮቴ በኩል ሦስት ጊዜ አለፉ። ምን ሊሰሙ? እንግሊዝኛ አይችሉ። ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ሴትዮዋ ደግሞ "አይሰማም፣ ጮክ በል" ትለኛለች።

ሁለት ዙር አለ። መጀመሪያ አንድ የኮድ ፈተና። እሱን ካለፍኩ ሙሉ ቀን ኢንተርቪው። ያንን ካለፍኩ ሥራው ከቤት ነው። ከወልድያ ሳልወጣ… የባንክ ቁጥር አልጠየቀችኝም።

ለማንም አልነገርኩም። አልነግርምም። የተወራ ነገር ይበላሻል። አምና የአዲስ አበባውን ሥራ አወራሁና ምን ሆነ? አገሬ መርሳ ላይ ገና ሳልሄድ እንኳን ደስ አለህ ባዩ በዛ፣ ከዚያ ቀረ። ያን ጊዜ ያዘኑልኝን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ግማሾቹ ሳቃቸውን ውጠው ነበር። ለአባ እንኳ አልነግርም። አባ ካወቁ መስጊድ ያለው ሁሉ ዱዓ ያደርግልኛል። ዱዓ ያደረገ ሁሉ ደግሞ ያውቃል ማለት ነው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

የኮድ ፈተናው ዛሬ ነበር። ቢሮ አይሆንም። ቤትም መብራቱ አይታመንም። ጀነሬተር ያለው ሆቴል ሄጄ ለቀን ክፍል ያዝኩ። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ መታወቂያዬን አየች፣ እኔን አየች።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን።"

"ለቀን?"

"ለቀን።"

ቁልፉን ስትሰጠኝ የሳቀች መሰለኝ። ትሳቅ።

ለሀይሉ አባቴን አሟቸዋል፣ መርሳ ደርሼ እመጣለሁ ብዬው ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ። አባ በሰላም ብርቱካናቸውን ውሃ እያጠጡ ነው።

ፈታኙ ወጣት ነው፤ ካሜራው ላይ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል። ጥያቄው፦ ብዙ ከተሞች አሉ፣ በመካከላቸው መንገዶች አሉ፣ አንዳንዱ መንገድ በየጊዜው ይዘጋል፤ አጭሩን መንገድ ፈልግ። ይኼንንስ ማንኛውም የወሎ ሹፌር ይመልሰዋል። ጻፍኩ። እኔ ስጽፍ እሱ ያያል፣ እኔ ሳቆም እሱ ይጽፋል። ምንድን ነው የሚጽፈው? አንድ ጊዜ ፈገግ አለ። በእኔ ነው ወይስ ሌላ መልእክት ደርሶት? በመጨረሻ ፕሮግራሙ ሠራ። "ጥሩ" አለኝ። ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ለሚጥሉትም ጥሩ ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ከሆቴሉ ስወጣ ኤደን መንገድ ማዶ ቆማለች። መርሳ ሄደ የተባለው ሰውዬ ከሆቴል ሲወጣ… አየችኝ። ፊቷን አዙራ ሄደች።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሀይሉ ገና ስገባ፦ "አባትህ እንዴት ናቸው?"

"ተሽሏቸዋል።"

ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ፦ "እውነት ተሽሏቸዋል?"

ሁለት ጊዜ ለምን ይጠይቃል? ኤደን ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ። ነግራዋለች። በእርግጠኝነት ነግራዋለች።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የኮድ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ዛሬ የሙሉ ቀኑ ኢንተርቪው ነበር። ያው ሆቴል። ልጅቷ "ዛሬም ብቻህን?" አለችኝ። ለሀይሉ ጥርሴን አሞኛል ብዬዋለሁ፤ አባን ሁለተኛ ማሳመም ፈራሁ።

አራት ሰዎች በየተራ። የመጀመሪያዋ ኮድ። ሁለተኛው ጎልማሳ ነው፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። "ሚሊዮን ሰው በአንዴ የሚጠቀምበት ሥርዓት ብትሠራ እንዴት ትሠራዋለህ?" አለኝ። ሚሊዮን… የእኔ ትልቁ ደንበኛ ሁለት ገንዘብ ተቀባይ ያለው ፋርማሲ ነው። ከዚያ የማውቀውን መጠየቅ ጀመርኩ። መብራት ቢጠፋስ? ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቆረጥስ? አንዱ ማሽን ተመዝግቧል ብሎ ሳይመዘግብ ቢቀርስ? ሰውዬው ወደ ካሜራው ተጠጋ። "ሌላስ ምን ይበላሻል?" ይለኛል። የሚበላሽ ነገር መቁጠር አያቅተኝም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ቆጠርኩለት። ምንም ነገር አለማመን ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ።

አራተኛዋ ስለ ጠባይ ነው የጠየቀችኝ። "የሥራ ባልደረባህን ተጠራጥረህ የተሳሳትክበትን ጊዜ ንገረኝ።" ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ለምን ይኼን መረጠች? አንድ ነገር ፈጥሬ ነገርኳት። ተጠራጥሬ የተሳሳትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልክ የሆንኩበትን ብትለኝ ስንቱን አወራላት ነበር።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ምንም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ምንም። ኢሜይሌን በቀን መቶ ጊዜ እከፍታለሁ። ሀይሉ "የምትጠብቀው ነገር አለ እንዴ?" አለኝ። የለም አልኩት። ለምን ጠየቀ?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አለፍኩ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ፕሪንተር ጠገንኩ። አልሐምዱሊላህ… ደስታ ሆድ ውስጥ ሲታመቅ እንደ ሕመም ነው ለካ።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። አንድ አጣሪ ድርጅት ስለ እኔ ያጣራል፤ የት እንደሠራሁ፣ የት እንደምኖር። የአራት ሰው ስልክ ስጥ ይላል ፎርሙ። የአሁን አሠሪ፣ የድሮ አሠሪ፣ አከራይ፣ የቅርብ ቤተሰብ። ሀይሉ፣ ጋሽ ፈንታው፣ እትዬ ሙሉወርቅ፣ አባ። ጋሽ ፈንታው መርሳ ላይ የውሃ ፓምፕና የዘር መደብር አለው። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ሁለት ዓመት እሱ ጋ ሠርቻለሁ፤ የመደብሩን ፕሮግራም ከባዶ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልንገራቸው? ለጋሽ ፈንታው ከነገርኩ እስከ ነገ ድረስ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ያለ ሹፌር ሁሉ ይሰማል። እትዬ ሙሉወርቅ ኪራይ ይጨምሩብኛል። ሀይሉን ባልጽፈው በወደድኩ፣ ግዴታ ሆኖ ነው። አስቀድሜ ብነግረው ያስብበትና ያሰናክለኛል፤ ድንገት ከጠየቁት ግን እውነቱ ያመልጠው ይሆናል። አባ… ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ። የሚጠየቁት እኮ ቀላል ነው። "ታውቁታላችሁ?" "አዎ።" በቃ።

ላክሁት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጠዋት የሀይሉ ስልክ ጮኸ። "አቤት" አለ። ትንሽ ሰምቶ ቀና ብሎ አየኝ። ተነሥቶ በረንዳ ወጣ፣ በሩን ዘጋው። በመስታወቱ በኩል እጁ ሲወራጭ ይታየኛል። አንዴ ስልኩን ዘጋው፣ ከዚያ ራሱ መልሶ ደወለ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ጠረጴዛው ላይ ምንም ሳይሠራ ተቀመጠ።

"ሰላም ነው?" አልኩት።

"ሰላም ነው።"

እነሱ ናቸው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ሠራተኛዬ ነው ለማለት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል? ሐሜት ነው እንዲህ የሚረዝመው። ደግሞ ራሱ መልሶ መደወሉ… የረሳው ሐሜት ነበረ ማለት ነው።

አባ ማታ ደወሉ። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "ምንም አልሆንክም?" "ምንም አልሆንኩም አባ፣ ምነው?" "ምንም።" ዘጉት።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሀይሉ ጠዋት፦ "ኤደን፣ ከዛሬ ጀምሮ የፋርማሲውን ኮድ ከዓሪፍ ተማሪ። ዓሪፍ፣ የምታውቀውን ሁሉ አስረዳት።"

ይኸውላችሁ። ሊያባርረኝ ነው። እዚያ ስሜን አጥፍቶ፣ እዚህ ሥራዬን ከእጄ ቀምቶ፣ ከሁለት ያጣ ሊያደርገኝ። ኤደን ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ደብተር ይዛ። "ይኼ መስመር ምን ያደርጋል?" እያለች። ግማሹን ነገርኳት። ዋናውን ዘለልኩት።

አባ ዛሬም ደወሉ። ትናንትም ደውለው ነበር። በሳምንት አንዴ የሚደውሉ ሰው። "ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው" ይላሉ። ማን ምን ነገራቸው?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ኢሜይሉ ይኼው፦ "የሥራ ታሪክህንና አድራሻህን ማረጋገጥ አልተቻለም። በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተረጋገጠ የሥራ ግብዣው ይሰረዛል።"

በቃ። ማን ምን እንዳለ አልተጻፈም። ሁለት ወር ሙሉ ተደብቄ፣ ዋሽቼ፣ እዚህ አድርሼው… ማን እንዳደረገው ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ገና ቢሮ ሲገባ ያዝኩት።

"ምን ብለዋቸው ነው?"

"እነማንን?"

"ያውቋቸዋል። በረንዳ ላይ በር ዘግተው ያወሯቸውን።"

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። መረጋጋቱ የባሰ አናደደኝ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ምቀኛ አልኩት። ሰው ከእጅዎ ሲያመልጥ አይወዱም፣ ሦስት ዓመት ደሜን መምጠጥዎ አንሶ እንጀራዬን ዘጉት አልኩት። ኤደን "ዓሪፍ፣ ተው እንጂ" ትላለች። አንቺም ሰላይ ነሽ፣ ዝም በይ አልኳት።

ሀይሉ ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

"ጨረስክ?"

"ጨርሻለሁ።"

"የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ሂድ።"

አስቀምጬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ቀሎኝ ነበር። ቤት ስደርስ ግን ሥራ የሌለኝ ሰው መሆኔ ገባኝ።

ለአጣሪው ድርጅት ጻፍኩላቸው። ማን ምን እንዳለ ሙሉ ሪፖርቱን ላኩልኝ ብዬ። መብቴ ነው። ሀይሉ ያለውን በጽሑፍ እይዝና ወልድያ ላለ ሰው ሁሉ አሳያለሁ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ከጋሽ ፈንታው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላመጣ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። በደብዳቤ ያምኑኝ ይሆናል ብዬ። ገና ሲያየኝ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ አቀፈኝ።

"ተረፍክ?"

"ከምን?"

ወደ ውስጥ ጎትቶ አስገባኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጋሽ ፈንታው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

"ስላንተ ደውለው ነበር። ዓሪፍ ሲራጅ የተባለውን ግለሰብ ያውቁታል ወይ፣ ማጣራት እያደረግን ነው አሉኝ። እኔ ሞኝ ነኝ? በዚህ ጊዜ ስለ ወጣት ልጅ ለማይታወቅ ስልክ ማን አዎ ይላል? ስሙንም ሰምቼው አላውቅ አልኳቸው። እርስዎ ጋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቷል ይላል ቢሉኝ፣ እኛ በደብተር ነው የምንሠራ፣ ኮምፒውተርም የለን አልኳቸው።"

ከኋላው ኮምፒውተሩ በርቷል። የእኔ ፕሮግራም ተከፍቶበታል። ጋሽ ፈንታው ምስጋና እየጠበቀ ያየኛል።

"ጋሽ ፈንታው… ሥራ ሊሰጡኝ ነበር እኮ የደወሉት።"

ፊቱ ሲለወጥ ማየት አልቻልኩም። "ታዲያ ምነው ባትነግረኝ?" አለ።

እዚያው ቆሜ ለእትዬ ሙሉወርቅ ደወልኩ። "አዎ፣ አንዱ ደውሎ ዓሪፍ የሚባል ተከራይ አለዎት ወይ አለኝ። የግብር ሰው መስሎኝ ቤቱ ባዶ ነው አልኩት።" እሳቸውስ ለእኔ ብለውም አይደል።

ቀጥሎ አባ ጋ መሄድ አለብኝ። ምን እንዳሉ ከወዲሁ ገብቶኛል፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ይኼን የምጽፈው መደብሩ ደጃፍ ተቀምጬ ነው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ፣ መርሳ

ትናንት ከጁምዓ ሲመለሱ ነው ያገኘኋቸው። ብርቱካኑ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

"አባ፣ ስለ እኔ የጠየቀዎት ሰው ነበር?"

"ነበር።"

"ምን አሉት?"

"ልጄን ግለሰቡ ብሎ ጀመረኝ። አባቱ ነዎት ወይ አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም፣ አላህ የሰጠኝ ሴቶች ብቻ ናቸው አልኩት። እርግጠኛ ነዎት ቢለኝ፣ ወላሂ አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ በውሸት ማልኩ።" መሬቱን እያዩ ነው የሚናገሩት። "ሊወስዱህ መስሎኝ ነው። ከዘጋሁት በኋላ ግን ሌላ ጭንቅ መጣብኝ። በገዛ አፌ የለኝም ብዬ፣ አላህ ሰምቶ እውነትም አይኑርህ ቢለኝስ? ለዚያ ነው በየቀኑ የደወልኩልህ። ድምፅህን ስሰማ አለ እላለሁ።"

አለቀስኩ። እሳቸውም "አብሽር ልጄ፣ አብሽር" እያሉ ያጽናኑኛል። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሆቴሉን፣ አሟቸዋል ያልኩትን ሳይቀር።

"ታዲያ እንጀራህን የዘጋሁት እኔ ነኛ።"

"እኔ ነኝ አባ። ቀድሜ ብነግርዎት ኖሮ…"

"ለምን አልነገርከኝ?"

ሰው እንዳይሰማ ነው ልበላቸው? እሳቸውንም ከባዳ ቆጥሬ?

የሦስቱ ነገር ለየ። የቀረው ሀይሉ ነው። እሱ ግን እኔን ለማዳን አልዋሸም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነው ያወራው። አላውቀውም ለማለት ግማሽ ሰዓት አያስፈልግም። እዚያ ላይ አልተሳሳትኩም።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ሪፖርቱ ጠዋት ደረሰኝ። አራት ክፍል አለው። የድሮ አሠሪ፦ ግለሰቡን አያውቁም፣ ሁለት ደቂቃ። አከራይ፦ ተከራይ የለም፣ አንድ ደቂቃ። ቤተሰብ፦ ዝምድናውን ክደዋል፣ ሦስት ደቂቃ።

የአሁን አሠሪ፦ ተረጋግጧል። አርባ አንድ ደቂቃ።

የተናገረውን በእንግሊዝኛ አሳጥረው ጽፈውታል። በአማርኛ ልገልብጠው፦

"አሠሪው የደዋዩን ማንነት ደጋግሞ ጠይቋል። ስልኩን ዘግቶ፣ የድርጅታችንን ዋና ቁጥር ራሱ ፈልጎ መልሶ ደውሏል። አመልካቹ ሦስት ዓመት አብሮት እንደሠራና ዋና ዋናዎቹ ሥራዎች የእሱ እንደሆኑ አንድ በአንድ አስረድቷል። ቢሄድበት እንደሚቸገር፣ ሆኖም ካምፓኒው እንዲወስደው እንደሚፈልግ ተናግሯል። ድክመቱን ሲጠየቅ፣ ሰው አያምንም ብሏል። አመልካቹ ራሱ እስኪነግረው ድረስ ስለዚህ ጥሪ እንደማያነሣበት ገልጿል።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኤደን እንድትማር ያደረገው… ሊያባርረኝ አልነበረም። እንደምሄድ ስላወቀ ነው። ከአራቱ ሰው አውቀዋለሁ ያለው እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከአራቱ የሰደብኩት እሱን ብቻ።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ደወልኩለት። አላነሣም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሣም። ለኤደን ደወልኩ፤ አነሣች።

"ምን ፈለግክ?"

"ይቅርታ ልልሽ ነው።"

"እሺ።"

"ያን ቀን ከሆቴል ስወጣ አይተሽኝ ለሀይሉ የነገርሽው መስሎኝ…"

"የቱ ሆቴል?"

አላየችኝምም። "ቆይ፣ አባትህ ታመዋል ብለህ ሆቴል ነበርክ?" አለች። አሁን አወቀች። ራሴው ነገርኳት።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ፣ መርሳ

የመጨረሻው ቀን። ለምኜ አጣሪው ድርጅት ሦስቱን በቪዲዮ ድጋሚ ሊያነጋግራቸው ተስማማ፣ መታወቂያቸውን ይዘው። ጋሽ ፈንታው ለዚህ ብሎ መደብሩን ዘጋ። እትዬ ሙሉወርቅን ከወልድያ ይዣቸው ወረድኩ፤ መንገዱን ሙሉ "ግብር የለበትም አይደል?" እያሉኝ።

የደወለው ያው ያን ጊዜም የደወለላቸው ልጅ ነው፣ ናትናኤል ይባላል፣ ከአዲስ አበባ። ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም። አባ አዩትና "ይኼ ነው እኔን ያስፈራራኝ?" አሉ።

"አቶ ሲራጅ፣ ግለሰቡ ከእርስዎ ጋር ያለው…"

"ቆይ። መጀመሪያ አንተ ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?"

ልጁ ሳቀ። "አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት አባባ። እናቴ ግን የውርጌሳ ናት።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ይኼን ብትለኝ ምን ነበረበት?"

ከዚያ በኋላ ማስቆም አልተቻለም። በየትኛው ክረምት እንደተወለድኩ፣ በስንት ዓመቴ ቁርኣን ቀርቼ እንዳኸተምኩ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ እንዴት እንደተደበቅኩ… ናትናኤል "በቂ ነው አባባ" ይላል። "አይበቃም። ባለፈው ያጎደልኩትን ልሙላ" ይላሉ። ጋሽ ፈንታው ካሜራውን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ "ይኸውልህ፣ ደብተር የሚባል ነገር የለንም" አለ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አልተጠየቅኩምም።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ጸደቀ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። የትልቁ ካምፓኒ ኢንጂነር ነኝ።

ለአባ መጀመሪያ ደወልኩ። ምስጋናቸውን ካደረሱ በኋላ፦ "ያ ሰውዬስ?"

"አያነሣም አባ።"

"ይኼ በስልክ የሚሆን ነገር ነው? ሐሙስ እመጣለሁ።"

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሁለተኛ ደርብ ድረስ ሁለት ጊዜ አርፈው ወጡ። ሀይሉ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። እኔን አላየኝም።

"አባባ፣ ይቀመጡ።"

"ሳልናገር አልቀመጥም። ልጄ በድሎሃል። እኔ ግን ከእሱ የባስኩ ነኝ። የወለድኩት እኔ የለኝም ብዬ ካድኩት። ያልወለድከው አንተ አለኝ አልክ። ላመሰግንህና ይቅር እንድትለው ነው የመጣሁ።"

ሀይሉ አንገቱን ደፋ። ኤደን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"አባባ፣ እኔም ፈርቼ ነበር" አለ። "አላውቀውም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ እውነት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። እውነት ከሆነ እኮ የማስቀረው እኔ ነኝ። ለዚያ ነው ዘግቼ መልሼ የደወልኩት።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ስድቡን ረስቼዋለሁ። የከፋኝ ሌላ ነው። ሆቴል ለሆቴል ከምትደበቅ ብትነግረኝ፣ ይኼን ቢሮ ለቅቄልህ፣ ጀነሬተር ተከራይቼ፣ በሩን ቆሜ እጠብቅልህ ነበር።"

ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። አለቀስኩ፤ በሰው ፊት፣ ኤደን እያየች። አልደበቅኩትም።

"መቼ ነው የምትጀምረው?"

"ሰኞ።"

"እንግዲያው ነገና ቅዳሜ ና። ለኤደን የዘለልክባትን ታስተምራታለህ።"

ያውቅ ነበር።

አባን በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ገና ከመቀመጣቸው ለሹፌሩ ማውራት ጀመሩ። ልጃቸው የት እንደተቀጠረ፣ ስንት ፈተና እንዳለፈ፣ ሰኞ እንደሚጀምር፣ የማን ተከራይ እንደሆነ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና እንኳን ደስ አለህ አለኝ። አላውቀውም። የማን ልጅ እንደሆነም አላውቅ። አመሰገንኩት። አባ የካምፓኒውን ስም አሳስተው ሲነግሩት ነው አንዴ ብቻ ጣልቃ የገባሁት፣ ላርማቸው።